ሰምተናል

ንግግር የምታስተምረው መምህርት ያን ማክሰኞ ጠዋት የዲኑን ቢሮ ስትከፍት አላንኳኳችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታንኳኳ ኖራለች፤ ያን ቀን ግን ደሟ ፈልቶ ስለነበር በር ማንኳኳት ትዝም አላላት። በእጇ የጨበጠችው ደብዳቤ አራት መስመር ብቻ ነው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዋ፣ በአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ምረቃ ላይ የኮሌጁን ዲን በእንግዶች ፊት «ሆን ብላ በማዋረዷ»፣ ሐሙስ በስምንት ሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንድትቀርብ ያዛል። ጥፋቷ ከተረጋገጠ ቅጣቱ የአንድ ዓመት እገዳ ነው። ልጅቷ ለመመረቅ የቀራት አንድ ወር ከአሥር ቀን ነበር።

«ተቀመጪ» አለ ዲኑ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

«ቆሜ እናገራለሁ። የምበላበት ሥራ እሱ ነው።»

እሷና ዲኑ በአንድ ዓመት የተቀጠሩ፣ አንድ እግሯ የተሰበረ ጠረጴዛ ለሁለት ሲጋሩ የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ያኔ «አንተ» ነበር የምትለው። ዲን የሆነ ዕለት ግን ማንም ሳያዘው ራሱን «እርስዎ» አደረገ፤ እሷን ግን «አንቺ» እንዳለ ተዋት። ይህ ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ አንጀቷን ሲያሳርራት ኖሯል፤ ትንሽ ነገር ስለሆነ ብቻ አፍ አውጥታ ተናግራው አታውቅም።

«ልጅቷ ሆን ብላ አላደረገችውም» አለች። «ልማድ ነው። እጇ ነው የተነሳው።»

«አርባ ሁለት ተማሪ በአንድ ድምፅ ነው የጮኸብኝ። እሱም ልማድ ነው?»

«አዎ።»

እውነቷን ነበር። ለማያውቅ ሰው ግን እብደት ይመስላል።

የመምህርቷ ክፍል ከምድር ቤቱ ኮሪደር ጫፍ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ እሷም «እሱን በልጣችሁ ተናገሩ» ትላለች። ፊት ለፊት፣ የግቢው አናጢ ከአሮጌ ሳንቃ የመታላት ከጉልበት ዝቅ የምትል መድረክ አለች። ክፍሉ ሕግ አለው። ተናጋሪው ያለው ሦስት ደቂቃ ነው፤ አንድ ሰከንድ አይጨመርም። ሦስቱ ደቂቃ ሲሞላ ከኋላ ወንበር ቀይ ካርድ ይነሳል፤ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠች፣ መዳፍ የምታህል ነገር ናት። ካርዱ ከተነሳ ተናጋሪው ቃል አፉ ውስጥ ቢሆንም እንኳ ያቆማል፤ የቀረው ክፍል ደግሞ በአንድ ድምፅ «ሰምተናል» ይላል። ጭብጨባ ክልክል ነው። ሰው ላልሰማው ነገርም ያጨበጭባል ባይ ናት። «ሰምተናል» ያለ ግን ምን እንደሰማ ይጠየቃል፤ መመለስ ካቃተው ከራሱ ውጤት ላይ ይቀነሳል። ልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት ይስቁባታል፣ በሦስተኛው ያሟታል፣ በስድስተኛው ካፌ ውስጥ ወሬ ያበዛ ጓደኛቸውን ሁሉ «ሰምተናል» ይሉታል።

ይህን ሥራ የምትወደው በአንዲት ነገር ነው። አንድ ልጅ መድረኳ ላይ ይወጣል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ አፉ ይደርቃል፣ በቃሉ ያጠናውን ያነበንባል። ከዚያ ሃምሳ ሰከንድ አካባቢ ላይ አንድ ነገር ይሆናል። ትከሻው ይወርዳል። ያጠናውን ይረሳና የራሱን ይናገራል። ያቺን ሰዓት ለማየት ስትል የጄኔሬተሩን ጭስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስባለች። ደሞዙማ ይህን ያህል አያቆይም።

ካርዱን የምትይዘው፣ አሁን የተከሰሰችው ልጅ ናት። ደቂቃ ስለምትቆጥር ልጆቹ «ቆጣሪዋ» ይሏታል። በመጀመሪያው ሳምንት መድረክ ላይ ወጥታ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል ሳይወጣት ቆመች፤ ከዚያ ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ሮጣ ወጣች። ማታውኑ መምህርቷ ቢሮ መጥታ፣ እየተናገረች ይሁን እያለቀሰች በማይለይ ድምፅ «ሌላ ሥራ ይስጡኝ፣ የፈለጉትን፣ እዚያ ላይ መቆም ብቻ ይቅርብኝ» አለች። መምህርቷ ሆዷ ባባና ካርዱን ሰጠቻት። ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ልጅቷ ግን ሰዓት አያያዟ ጉድ የሚያሰኝ ሆነ፤ አንዲት ሰከንድ አታሳልፍም፣ ለማንም አታዳላም። ሁለት ሳምንቱ አሥራ አምስት ሆነ። ሌሎቹ ሁለት ሁለት ጊዜ ተናግረዋል። ቆጣሪዋ አንድም ቀን አልተናገረችም።

ቅዳሜ ዕለት ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱ ምረቃ ነበር። የታተመው ፕሮግራም ላይ «የዲኑ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ ሦስት ደቂቃ» ይላል። ዲኑ ወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጀመረ። አሥር ደቂቃ ሆነ። አሥራ ስምንት ሆነ። እንግዶቹ ፕሮግራሙን ማራገቢያ አደረጉት። ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ከሁለተኛው ረድፍ ቀይ ካርቶን ብድግ አለች። በአዳራሹ ውስጥ እዚህም እዚያም የተቀመጡት አርባ ሁለቱ የንግግር ተማሪዎች፣ ግማሾቹ ከእንቅልፋቸው ባንነው፣ በአንድ ድምፅ «ሰምተናል» አሉ። ዲኑ አፉን እንደከፈተ ቀረ። አንድ ሽማግሌ እንግዳ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ተስቆብኝ አያውቅም» አለ ዲኑ። አሁን ቀና ብሎ አይቷታል። ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። «ልጅቷን መጉዳት አልፈልግም። እዚህ ላይ ትፈርም። መምህሯ ስላዘዘችን ነው ያደረግነው ትበል፤ እሷን አልነካትም፣ ትመረቃለች። የአንቺ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። ኮርሱንም ቢሆን በጽሑፍ ፈተና ልናደርገው አስበናል። ተማሪን ሦስት ሦስት ደቂቃ እያስለፈለፉ ሴሚስተር መጨረስ የትም የለም።»

«ንግግር በጽሑፍ?»

«ምርጫ ያለው ፈተና። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ።»

መምህርቷ ወረቀቱን ከእጁ ቀምታ ወጣች። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትጨምር ኖሮ ነገሩ በቃል እንደማያበቃ ታውቃለች።

ቆጣሪዋን ያገኘቻት የፎቶኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ልጅቷ ደብዳቤው ደርሷት ፊቷ አመድ መስሏል። መምህርቷ ከሰላምታ በፊት ወረቀቱን ዘረጋችላት።

«ፈርሚ።»

ልጅቷ አነበበችው። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ…»

«ውሸት ነው። አውቃለሁ። ፈርሚና ተመረቂ።»

«ግን እኔ…»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ልማድ ነው። እሱን ደግሞ ማንም አይሰማሽም፤ ጆሮ ያለው ሰው የለም እዚህ ግቢ። እኔን ምንም አያደርጉኝም፤ አሮጊት ነኝ፣ ኮርሴን ይውሰዱት፣ ከነጄኔሬተሩ። አንቺ ግን እንዲህ በማይረባ ነገር አንድ ዓመት…» ድምፏ ከፍ ብሎ ኖሮ ፎቶኮፒ የሚያነሳው ሰውዬ አንገቱን አውጥቶ አያቸው። «ሐሙስ ሳትፈርሚ ብትገቢ ከእኔ ጋር ተጣላን።»

ልጅቷ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። መምህርቷ አልጠበቀችም፤ ወረቀቱን እጇ ላይ ትታላት ሄደች።

ቤቷ ስትገባ ባሏ ጫማውን አውልቆ ድንች እየላጠ ነበር። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጩኸት ስለሚሰማ ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ተለክቶ ነው። እሷ ኮቷን ሳታወልቅ ጀመረች። ስለ ዲኑ፣ ስለ እርስዎና አንቺው፣ ስለ ሀ ለ ሐ መው፣ ስለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ። ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት። ባሏ ድንቹን ጨርሶ አጥቦ ድስት ውስጥ ከተተው። ልጅቷ ባትፈርም ብላ የጻፈችውን፣ ለኮሚቴው የምታነበውን ሦስት ገጽም ጠረጴዛው ላይ ደፍታ፣ እየተንጎራደደች አነበነበችለት። ስትጨርስ ላብ አጥምቋታል።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለ ባሏ። «ልጅቷስ ምን አለች?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«የተከሰሰችዋ ናታ።»

መምህርቷ ፎቶኮፒ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሆነውን ነገር መልሳ አሰበችው። ልጅቷ «ይሄ እኮ» አለች፤ እሷ ጨረሰችላት። «ግን እኔ» አለች፤ እሷው ጨረሰችላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «የተናጋሪን ዓረፍተ ነገር የሚጨርስ ሰው ከክፍሌ ይውጣ» ስትል የኖረች ሴት ናት። ሌላም ነገር ትዝ አላት። ቅዳሜ ዕለት ዲኑ ሲናገር እሷም አዳራሹ ውስጥ ነበረች፤ ጉልበቷ ላይ ፈተና እያረመች። ምን እንዳለ ጠይቁኝ ቢሏት አንዲት ቃል አታውቅም።

ያን ጊዜ ንዴቷ መንገዱን ለውጦ ወደ ራሷ መጣ። ይኼኛው ንዴት አያስጮህም፤ ቁጭ ነው የሚያደርገው። ኮቷን ሳታወልቅ ቁጭ አለች።

ሐሙስ በስምንት ሰዓት የስብሰባ ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰው ነበር። ሰብሳቢው አዛውንቱ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ጣቶቻቸው ላይ አሲድ ያበላሸው ጠባሳ አለ። በግራና በቀኛቸው ሁለት አባላት። ዲኑ የኮሚቴው አባል አይደለም፤ ግን መስኮቱ ጋ ወንበር ስቦ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል፤ ውጣ ያለው ሰው የለም። መምህርቷ በምስክርነት በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሦስቱ ገጽ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ቆጣሪዋ ስትገባ ስድስት ሰው ሆኑ።

«ልጄ፣» አሉ ሰብሳቢው፣ የዚያኑ ወረቀት ሌላ ቅጂና እስክሪብቶ ወደ እሷ እየገፉ፣ «እዚህ ላይ ብትፈርሚ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ካልፈረምሽ የምትይውን ቆመሽ ተናገሪ።»

ልጅቷ እስክሪብቶውን አነሳች። መምህርቷ እፎይ ልትል ነበር። ልጅቷ እስክሪብቶውን ክዳኑን ከድና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ቆመች።

ምንም አልወጣትም። አሥር ሰከንድ ሆነ። ሃያ ሆነ። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ከበሩ ይታያል። አንደኛው አባል ሰዓቱን አየ። ዲኑ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሠላሳ። የመምህርቷ እጅ ሳታዝዘው ቦርሳዋ ውስጥ ገብቶ ሦስቱን ገጽ ጨብጧል።

«መምህርት፣» አሉ ሰብሳቢው በሐዘኔታ፣ «እርስዎ ይናገሩላት?»

ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ ነበር። ሦስቱ ገጽ ጥሩ ነው፤ ባሏም ጥሩ ነው ብሏል። ጥርሷን ነክሳ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ራሷ ትናገራለች» አለች። «ጊዜ ስጧት።»

አርባ። ሃምሳ። የልጅቷ ትከሻ ወረደ።

«እኔ ሰዓት ነው የምይዘው» አለች። ድምፏ ቀጭን ነው፤ ግን ይሰማል። «አርባ ሁለት ልጆች ሁለት ሁለት ጊዜ ተናግረዋል። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሰዓት የሚይዝ ሰው ሌላ ሥራ የለውም፣ ይሰማል። ሰው መጀመሪያ ላይ የሰው ነገር ነው የሚያወራው። ትንሽ ቆይቶ የራሱን ይናገራል። ከዚያ ደግሞ ያልፈዋል፣ ማለፉን ሳያውቅ። እኔ የት ጋ እንዳለፈው አውቃለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

ትንፋሽ ወሰደች።

«ቅዳሜ ዲኑ ሲጀምሩ ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ላይ ወረቀታቸውን ትተው ቀና አሉ። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር አሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ትቀበለኝና ገልጣ ታሸተው ነበር አሉ። ቀለሙ ከሸተታት ዛሬ ተምረሃል ትለኛለች፤ ካልሸተታት ስትጫወት ነው የዋልከው ብላ ትቆጣኛለች አሉ። ይሄን ቤተ መጻሕፍት ብታየው ኖሮ መጽሐፉን ሁሉ አንድ በአንድ ታሸተው ነበር አሉ። እዚያ ጋ ቢያቆሙ ብዬ ጸለይኩ። የኔም እናት ማንበብ አትችልም።»

መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ።

«እሳቸው ግን ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ስለ ካሬ ሜትር፣ ስለ አምስት ዓመት ዕቅድ፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ አጠገቤ ያለው ልጅ ያንኮራፋል። የእናትየዋ ነገር ከአዳራሹ ጠፍቷል። ራሳቸው ናቸው የቀበሯት። ያኔ ተናደድኩ። ቲቸር ልማድ ነው እያሉ ነው፤ እጄ ብቻውን ነው የተነሳው ብል ለእኔም ይሻለኝ ነበር። ግን አውቄ ነው ያነሳሁት። ማንም አላዘዘኝም። ማዋረድ አልፈለግኩም። እንዲያቆሙ ነው የፈለግኩት።»

የእጅ ሰዓቷን አየች። «ሦስት ደቂቃዬ አለቀ» ብላ ተቀመጠች።

መምህርቷ ደነገጠች። ልጅቷ የመከላከያውን ግንብ በገዛ እጇ ነበር ያፈረሰችው፤ ሦስቱም ገጽ «ልማድ ነው» በሚለው ላይ የቆሙ ናቸው። ሆኖም ከአፏ የወጣው ሌላ ነገር ነው።

«ሰምተናል» አለች፣ ብቻዋን።

ሰብሳቢው ጠባሳ ያለበትን ጣታቸውን አሹ። «ስለ እናቱ የተናገረውን ከእናንተ የሰማ አለ?» አሉ ወደ አባላቱ ዞረው። ሁለቱም እዚያ አዳራሽ ነበሩ። አንዱ ጠረጴዛውን አየ፤ ሌላው ውሃ ቀዳ። «እኔም አልሰማሁም» አሉ ሰብሳቢው።

«ወረቀቱ ላይ አልነበረም» አለ ዲኑ ከመስኮቱ ጋ። ድምፁ የለመዱት የዲን ድምፅ አልነበረም። «መናገሬንም… መናገሬን አላስታውስም።»

ውሳኔው በአንድ ገጽ ተጻፈ። ልጅቷ ሆን ብላ ማድረጓን ስላመነች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል፣ እገዳ የለም፣ ትመረቃለች። በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ቀለም ያለው ካርቶን ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሰብሳቢው ሁለተኛዋን ሲያነቡ ሳቃቸውን በሳል አሳለፉት። ዲኑ ተቃውሞ እንዳለው ተጠየቀ፤ በእጁ ምልክት የለኝም አለ።

ኮሪደሩ ላይ በመምህርቷ አጠገብ ሲያልፍ ቆመ። «ኮርሱን በሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» አለ።

«እናየዋለን» አለች። ከዚያ ስድስት ዓመት የያዘችውን ለቀቀችው። «ሦስት ደቂቃ ይበቃህ ነበር። እናትህን ካነሳህ በኋላ ምን ቀረህና ነው?»

ዲኑ ሊቆጣ ፊቱን ሰበሰበ፤ አልሆነለትም። ደረጃውን ወረደ።

ቆጣሪዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቀርታለች። መምህርቷ አጠገቧ ደረሰችና ልታቅፋት ስትል ተናደደች።

«አሥራ አምስት ሳምንት» አለች። «ይሄ ሁሉ ሆድሽ ውስጥ እያለ አሥራ አምስት ሳምንት ካርቶን ስታነሺ ዋልሽ።»

«እርስዎ እኮ ነዎት የሰጡኝ።»

ድምፏ ውስጥ ክስ የለም፤ መልስ ብቻ ነው። መምህርቷ ደግነት መስሏት ያደረገችው ነገር ዓይኗ ሥር ቆሞ እያያት ነው።

«ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ካርዱን ከደብተሯ መሃል አወጣች። ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሷል። «ይሄንንስ ማን ይይዘዋል?»

መምህርቷ እጇን ዘረጋችና ተቀበለቻት።

«እኔ» አለች። «ድሮም መያዝ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»